በእርሳስ የተጻፈው አጥቂ፦ ከአቃቂ እስከ ድሬዳዋ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ የፋብሪካው በር

ይህን ጉዞ የጀመርኩት ሻንጣ ሳልይዝ፣ ለባለቤቴም ሳልነግር ነው። ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ድሪባ የሚባለውን የፋብሪካችንን አጥቂ እሑድ በአሥር ሰዓት ድሬዳዋ ሜዳ ላይ ማድረስ።

እኔ አቃቂ በሚገኝ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የእግር ኳስ ቡድናችን ጸሐፊ። ቡድኑ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ለመጫወት ዓርብ ጠዋት በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄዷል። ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ምድብ እንወርዳለን፤ እኩል ከወጣን እንተርፋለን። ዓርብ ዕለት በሥራ ጉዳይ ከተማ ስለዋልኩ አልሸኘኋቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ከሌሊት ፈረቃ ከሚወጡት ሠራተኞች መካከል ድሪባን አየሁት። እጁ እስከ ክርኑ በማሽን ዘይት ተነክሯል።

“አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?” አልኩት።

“ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም ተባልኩ ጋሼ። የፈረቃ አለቃው ያለ ወረቀት አልለቅህም አለኝ።”

“ታዲያ ለአሰልጣኙ አትነግርም?”

“ስሜ ከሌለ እሳቸው አልፈለጉኝም ማለት ነዋ። ምን ብዬ እለምናለሁ?”

ይህን ሲለኝ ክው አልኩ። ስሙ ለምን እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የቡድኑ መዝገብ የሚጻፈው በእኔ እጅ ነው። ልማዳችን እንዲህ ነበር፦ የተረጋገጠ ተጫዋች ስሙ በቀለም ይጻፋል፤ ለሙከራ የመጣ ደግሞ በእርሳስ። ሦስት ጨዋታ ከተጫወተ በኋላ በእርሳሱ ላይ በቀለም ይደገምለታል። ባለፈው መስከረም ሁለት አጥቂዎቻችን ወደ ሌላ ቡድን ሲሄዱብን አሰልጣኛችን ጋሽ ወርቅነህ ድሪባን ከሽመና ክፍል አመጣው። ድሪባ የአቃቂ አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ የእኛ መጋዘን ቆሞበታል። ሥራው ማሽን ዘይት መቀባት፣ ዕድሜው ሠላሳ፣ እግሩ ሸፋፋ። ሲሮጥ ያየው ደጋፊ ሁሉ ሳቀ። ኳስ በነካ ቁጥር “ቅባው! ቅባው!” እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። እኔም ሻይ ቤት ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት “ይህ ሰውዬ ኅዳርን አይሻገርም” ብዬ ተናገርኩ።

ኅዳርን ተሻገረ። በታኅሣሥ ሁለት አገባ፣ በጥር ሦስት። ግንቦት ሲመጣ የቡድኑን ግማሽ ጎል ያገባው እሱ ነበር፤ ያው “ቅባው!” የሚለው ጩኸትም ከቀልድ ወደ ልመና ተቀየረ። እኔ ግን ስሙን በቀለም አልደገምኩም። ረስቼው ነው ብል ውሸት ነው። መዝገቡን በከፈትኩ ቁጥር እርሳሱን አየዋለሁ፤ በቀለም ብደግመው ሻይ ቤት የተናገርኩትን በገዛ እጄ የምሰርዝ እየመሰለኝ ገጹን እገለብጣለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሌሎቹን ጨዋታዎች እሑድ እሑድ እዚሁ ቅርብ ስለተጫወትን የፈረቃ ፈቃድ አላስፈለገም፤ ለየጨዋታው ስሙን በእጄ እጨምረው ነበር። የድሬዳዋው ዝርዝር ሲዘጋጅ ግን የፋብሪካው ታይፒስት እንደ ወትሮው ከመዝገቤ በቀለም የተጻፉትን ብቻ መታች፤ እኔም ስሙን ሳልጨምር ለፈረቃ አለቆች ተላለፈ።

ይህን ሁሉ ያን ጠዋት ለድሪባ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። “ስህተት ነው፤ ታኬታህን ይዘህ ና” ብቻ አልኩት። እኔም ለራሴና ለእሱ የፈቃድ ወረቀት ጻፍኩ፣ ለባለቤቴ መልእክት ለዘበኛው ሰጠሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ዋናው መንገድ ወጣን። ቀጣዩ የሰው ባቡር እሑድ ነው የሚነሣው፤ ድሬዳዋ የሚገባውም ጨዋታው ካለቀ በኋላ። ስለዚህ እስከ አዋሽ በመኪና፣ ከአዋሽ ወዲያ እግዜር እንዳለው አልኩ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በኤንትሬ ላይ

ወደ አሰብ ባዶውን የሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አገኘን። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ ወሬ የሚወድ፣ መሪውን በአንድ እጅ የሚይዝ ሰው ነው። ለሁለታችን አሥር ብር ተስማማን። ድሪባ ከእኔና ከሾፌሩ መካከል ተቀምጦ ዱከም ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው። ታኬታውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል።

የባቡሩ ሐዲድ አንዴ በግራችን፣ አንዴ በቀኛችን እየሆነ አብሮን ይሄዳል። ገበሬዎች ለክረምት መሬት ሲያርሱ ይታያሉ። ደብረ ዘይት ላይ ሻይ ጠጣን፤ ድሪባን አልቀሰቀስኩትም። ናዝሬት አምስት ሰዓት ላይ ገባንና ምስር ወጥ በላን፤ ለሦስታችን ሁለት ብር ነው። መንገድ ዳር ፓፓያ ይሸጣል፤ አንድ ትልቅ በሃያ አምስት ሳንቲም ገዛሁ። ከወለንጪቲ በኋላ ሙቀቱ ከመሬት ይነሣ ጀመር። ግራሩ እያጠረ፣ ድንጋዩ እየጠቆረ ሄደ።

መተሐራ ስንቃረብ ድሪባ ዐይኑን ሳይገልጥ “የፊት ግራ ጎማው ደርቋል” አለ።

ሰይድ ሳቀ። “ተኝተህ ነው የምታየው?”

“አላየሁም፤ ሰማሁት እንጂ። ትንሽ ቆይቶ ይጮኻል።”

እኔ ምንም አልሰማሁም። ሰይድም አልሰማም። ድሪባ ግን ቀጥ ብሎ ተቀመጠና “ወንድሜ፣ ቁም” አለው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ሰይድ እኔን አየኝ። እኔ የድሪባን ነገር በንቀት ሳልፍ አንድ ዓመት ሙሉ ስከስር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ “ቁም” አልኩት።

በሰቃ ሐይቅ አጠገብ፣ የፈንታሌ ተራራ ድሮ የተፋው ጥቁር ድንጋይ መሃል ቆምን። ሰይድ ጎማውን በእጁ ነክቶ ወዲያው መለሰ፤ ያቃጥላል። ሲፈታው ኩሽኔታው ውስጥ ጠብታ ግራሶ አልነበረም። “ሌላ ሃያ ኪሎ ሜትር ብንሄድ ጎማው ብቻውን አሰብ ይገባ ነበር” አለና ድሪባን በአዲስ ዐይን አየው። ድሪባ እጅጌውን ጠቅልሎ ግራሶውን ራሱ ሞላ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ግመል የሚነዱ ሁለት ከረዩዎች ቆመው ሲያዩን ድሪባ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ ወተት ሰጡን።

“እንዴት ሰማኸው?” አልኩት መኪናው ሲነሣ።

“ሥራዬ ነዋ ጋሼ። ሰማንያ ማሽን ሲጮኽ ውሎ የደረቀውን መለየት አለብኝ። ማሽን ከጮኸ በኋላ የሚደርስ ዘይት ቀቢ ዘበኛ ቢሆን ይሻለዋል።”

ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዋሽ ጣቢያ

ሰይድ አዋሽ ሲያወርደን አሥር ብሩን አልቀበልም አለ። ወደ ጣቢያው ገባን። የሐረርጌ አውቶቡስ ጠዋት ሄዷል። የቀረው እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቡና ጭኖ የሚሄድ የዕቃ ባቡር ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ዘለቀ ይባላሉ፤ ሽበታም፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው። ጉዳዬን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“በዕቃ ባቡር ሰው አይሄድም። ደንብ ነው።”

“ጌታዬ፣ ከአቃቂ ነው የመጣነው። ነገ ካልደረስን ቡድናችን ይወርዳል።”

“ከአቃቂ?” መነጽራቸውን አስተካከሉ። “እኔ እዚያው ሐዲዱ ሠፈር ነው የተወለድኩት። ይሄ ማነው?”

“ድሪባ ነው።”

አቶ ዘለቀ ተነሡ። በዚያ ዘመን እሑድ ማታ የጣቢያ ሠራተኞች በባቡሩ ስልክ የኳስ ውጤት ይለዋወጣሉ፤ ከለገሃር የተነሣ ወሬ ድሬዳዋ ለመድረስ ባቡር አይጠብቅም። “ዘይት ቀቢው? ወሬህን በየሳምንቱ እሰማለሁ” አሉና እጁን ጨበጡት። “ወፍራም ትሆናለህ ብዬ ነበር።” ከዚያ ቁጭ ብለው ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንኳኩ ቆዩ። “ደንቡ ተሳፋሪ አይሄድም ነው የሚለው። ሠራተኛ ግን ይሄዳል። የነገው ባቡር የፉርጎዎቹን የመንኮራኩር ዘይት ቋት የሚቀባ ሰው ጎድሎታል፤ ሰውዬው ታሟል። በየጣቢያው እየወረድክ ትቀባለህ?”

“እቀባለሁ” አለ ድሪባ።

“አንተስ?” አሉኝ እኔን።

“እኔ ጣሳውን እይዛለሁ።”

ድሬዳዋ ጣቢያ ደውለው ለጋሽ ወርቅነህ “ድሪባ እየመጣ ነው” የሚል መልእክት አስቀመጡልኝ። ያን ዕለት ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አደርን።

እሑድ፣ ከቡና ጆንያ ጋር

ባቡሩ ሰዓቱን ጠብቆ ተነሣ። የአዋሽን ገደል በድልድዩ ስንሻገር ወደ ታች አላየሁም። ከዚያ ወዲያ ሜዳ፣ ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎ ሰጎን። መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ፓፓያውን በላን። ሚኤሶ ላይ ድሪባ ጣሳውን ይዞ ወረደ፣ እኔም ተከተልኩት። እየጎነበሰ እያንዳንዱን ቋት ይከፍታል፣ ያዳምጣል፣ ይቀባል፣ ይዘጋል። ሁለት ቀን በቅጡ ያልተኛ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ያለበት ሰው፣ አንዱንም ቋት አልዘለለም። እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በጣሳው ብቻ ወገቤ ተቆረጠ።

አፍደም አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን፣ ቆምንም። ሐዲዱ አንድ ነው፤ ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ካላለፈ እኛ መነሣት አንችልም። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። በየደቂቃው ሰዓቴን ሳይ ድሪባ ታዘበኝ።

“አሰልጣኙ ከጣሉኝ ብንደርስስ ምን ዋጋ አለው ጋሼ?” አለ። “ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ማሽን እየቀባሁ የት ላይ አጠፋሁ እያልኩ ሳስብ ነው ያደርኩት። ያለፈው ሳምንት የሳትኳት ጎል ትሆን እንዴ እላለሁ።”

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት፤ እርሳሱን፣ ሻይ ቤቱን፣ ገጹን እያየሁ የገለበጥኩትን። ስናገር ዐይኑን ማየት ስላቃተኝ ጣሳውን ነበር የማየው።

ጣሳውን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ “ዓመቱን ሙሉ?” አለ።

“ዓመቱን ሙሉ።”

“እርስዎ ይወዱኛል ብዬ ነበር እኮ። ጎል ሳገባ ከሁሉ በላይ የሚጮኹት እርስዎ ነበሩ።”

“እወድሃለሁ። መሸነፌን ነው ያልወደድኩት።”

ተነሥቶ ከፉርጎው ወረደ። የተቀባውን ቋት እንደገና ሲከፍት አየሁት። ሲመለስ ፊቱ ያው ነበር፤ ግን “ጋሼ” አላለኝም። “አሰልጣኙ ለዳኛው የሚሰጡት ወረቀት ከየት ነው የሚቀዳው?” አለኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የጨዋታው ወረቀት የሚሞላው ያው በታይፕ ከተመታው ዝርዝር ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ደግሞ ቢደርስም አይጫወትም። “ከእኔው ዝርዝር ነው” አልኩት።

“መልእክቱ ደርሷቸው ይሆናል።”

“ይሆናል።”

“እንግዲህ ደርሰን እናየዋለን” አለና ጆንያው ላይ ተጋደመ። ወዲያው ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ፊሽካ ተሰማ።

አሥር ሰዓት ከሃያ፣ ድሬዳዋ

ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ዘለን ወረድን። ጋሪ ይዘን “ወደ ሜዳው፣ ቶሎ!” አልኩ። ባለጋሪው ፈረሱን እያባበለ “ጨዋታው ተጀምሯል፤ አቃቂዎቹ አንድ ገብቶባቸዋል” አለን። በር ላይ ትኬት ሁለት ሁለት ብር ከፍለን ገባን። የገዛ ቡድኑን ጨዋታ በትኬት የገባ አጥቂ ከድሪባ ሌላ አላውቅም። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ልጆቹ ሜዳው ዳር ጥላ ፈልገው ተዘርረዋል፤ ሲያዩት ሁለቱ ተነሥተው አቀፉት።

ጋሽ ወርቅነህ ከወንበሩ አልተነሣም። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ድሪባን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ዘይት፣ የቡና አቧራ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ታኬታ።

“ታጥበህ ልበስ። አሥራ አራት ቁጥር ነህ” አለው።

ልቤ መለስ አለ። “መልእክቴ ደረሰህ ማለት ነው” አልኩት።

“የምን መልእክት?”

“ከአዋሽ ጣቢያ ያስደወልኩት።”

“እኔ ጣቢያ ምን ወስዶኝ።”

የጨዋታውን ወረቀት ከዳኛው ጠረጴዛ ላይ አየሁት። አሥራ ሦስቱ ስሞች በታይፕ ተመትተዋል። ከሥራቸው፣ በጋሽ ወርቅነህ በዚያ ጠማማ ጽሕፈት፣ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኖ በሰማያዊ ቀለም “14. ድሪባ” ይላል።

“እንደሚመጣ በምን አወቅህ?” አልኩት።

“ዓርብ አቃቂ ላይ አለመሳፈሩን አየሁ፤ ይምጣ አይምጣ ግን አላወቅሁም።” እጁን አራገበ። “ዘንድሮ ግን ባልጠበቅነው ቀን ሁሉ ደርሶልን የለም እንዴ? አንድ መስመር ብጽፍለት ምን እጎዳለሁ?”

አንድ መስመር። እኔ ዓመቱን ሙሉ የነፈግሁት እሷኑ ነበር። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን በፀሐዩ አሳብቤ ዐይኔን ጠረግሁ።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ድሪባ መስመሩ ዳር ቁጭ ብሎ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል። ከሩብ ሰዓት በኋላ “ያ የግራው ተከላካይ ቀኝ ጉልበቱ ደርቋል። ሲዞር ይዘገያል” አለ። ጋሽ ወርቅነህ ወዲያው አስገባው።

የመጀመሪያውን ኳስ ሊመታ ሲል እግሩ ተጠላልፎ ወደቀ። ሜዳው ሙሉ ሳቀ፤ የኅዳር ሳቅ ነበር፣ አወቅሁት። ተነሥቼ ባለኝ ጉልበት “ቅባው!” ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ብቻዬን ነበርኩ። የጎኔ ሰው “ምንድነው የሚቀባው?” አለኝ። “ታየዋለህ” አልኩት።

ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኳስ ወደዚያ ተከላካይ ሄደች። አደገኛ ነገር አልነበረም፤ ለበረኛው ሊመልሳት ዞረ፣ የኛ ልጆችም ትተዋት ወደ ኋላ መሮጥ ጀምረዋል። ድሪባ ግን ሰውዬው መዞር ሳይጀምር ተነሥቷል። በዚያ ሸፋፋ እግሩ ደረሰና ሁለቱም እኩል መቱ። ኳሷ የድሪባን ቅልጥም ገጭታ በበረኛው አናት ላይ አልፋ ገባች። ቆንጆ ጎል አልነበረችም። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ፣ እኛም ተረፍን።

ሰኞ፣ ወደ አቃቂ

የመልሱን ጉዞ ከቡድኑ ጋር በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርኩ። አዋሽ ላይ አቶ ዘለቀ በመስኮት አንድ ትልቅ ሐብሐብ አቀበሉንና “ቋቶቼ በደህና ገብተዋል” አሉ። ልጆቹ ሲዘፍኑ ድሪባ ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ቁራሽ ሐብሐብ ሰጠኝ።

“መዝገቡን ሲያገኙ ምን ሊያደርጉ ነው ጋሼ?” አለ።

“ጋሼ” ማለቱን ልብ አልኩ። “በመጀመሪያ ስምህን በቀለም እደግመዋለሁ።”

“የእኔማ ዓመቱ አለቀ፤ ምን ይሠራልኛል? ቀለሙን ለሚመጣው ያቆዩት።”

ማምሻውን አቃቂ ስንገባ ጣቢያው በሠራተኛ ተሞልቶ “ቅባው! ቅባው!” ይላል። ባለቤቴም ከሕዝቡ መሃል ነበረች። “ለዘበኛ መልእክት ይተዋል?” አለችኝ፤ ያን ሳምንት ሙሉ በዚሁ ስትወቅሰኝ ከረመች፣ ልክም ነበረች።

ይህ መንገድ ስለ ሐዲድና ስለ ኩሽኔታ ብዙ አስተምሮኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ድሪባን ያላሰብነው ቦታ ያደረሰው ዕድል አይደለም፤ ማሽኑ ሳይጮኽ የሚሰማ ጆሮውና አንዱን ቋት የማይዘል ልማዱ ናቸው። እነሱ መስከረም ላይም ነበሩ። አላየሁም እንጂ።

በዓመቱ መስከረም ሜዳችን ላይ ለሙከራ አምስት ሰዎች መጡ። አንዱ ከማቅለሚያ ክፍል የመጣ ነበር፤ ጣቶቹ እስከ ጥፍሩ ሰማያዊ፣ ሲሮጥ ትከሻው የሚያዘነብል። ደጋፊው ሲጫወት ገና ሳያየው ሳቀ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳቋ ከንፈሬ ላይ መጥታብኝ ነበር። መዝገቡን ከፍቼ ፊቴ አስቆምኩት።

“ስምህ ማነው?”

እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየና “ኧረ እኔ ለሙከራ ነው ጋሼ፤ በእርሳስ ነው የሚጻፈው ብለውኛል” አለ።

“እርሳስ የለኝም” አልኩት። “ስምህን ንገረኝ።”